የሕፃናት ማቆያ በመኖሪያ ቤት፤ መጥኖ የደቆሰ የሚያተርፍበት ሥራ

በአዲስ አበባ ፈላጊያቸው እየበዛ ሳለ አቅርቦታቸው ሊደርስባቸው ካልቻለ አገልግሎቶች አንዱ የሕፃናት ጥበቃ ነው። የወሊድ ፈቃዷ ያለቀባት የባንክ ሠራተኛ፣ ሱቋን ዘግታ መቀመጥ የማትችል የመርካቶ ነጋዴ፣ ሞግዚት በወር ሁለት ጊዜ የምትለዋወጥባቸው ባልና ሚስት የሚያነሱት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ልጁን ለማን ትተን እንውጣ?

እንዲህ ያለ ጥያቄ በተደጋገመበት ቦታ ሁሉ ገበያ አለ። ስለሆነም ግቢና ሰፊ ሳሎን ያላቸው የቤት ባለቤቶች፣ ጡረታ የወጡ መምህራንና ነርሶች፣ እንዲሁም ከራሳቸው ልጅ ሳይለዩ ገቢ ማግኘት የሚሹ እናቶች ፊታቸውን ወደዚህ ሥራ ቢያዞሩ አያስገርምም። ቤቱ አለ፤ ልጅ ማሳደግ የታወቀ ነገር ነው፤ ፈላጊውም በር ላይ ቆሟል። ታዲያ ምን ይቀራል?

የሚቀረው ሂሳቡ ነው። የቤት ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ከሱቅ፣ ከካፌ ወይም ከጋራዥ የሚለይበት አንድ መሠረታዊ ጠባይ አለው። ሱቅ ደንበኛው በበዛ ቁጥር ትርፉ ይጨምራል። በዚህ ሥራ ግን የደንበኛው ቁጥር ገና ከመነሻው የተገደበ ነው። ገደቡን የሚያበጀው ደግሞ የሳሎኑ ስፋት አይደለም፤ ሕፃናቱን የሚይዘው እጅ ቁጥር ነው። ይህን ሳይገነዘብ የጀመረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ወይ ይከስራል፣ ወይ በሕፃናት ደኅንነት ላይ ይነግዳል።

ገበያው ከየት መጣ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ 60 ቀን ብቻ ስለነበር መሻሻሉ ግልጽ ነው። አባት የተፈቀደለት 3 ቀን ነው።

እንግዲህ እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ገና የ3 ወር ነው። የግል መዋዕለ ሕፃናት በበኩላቸው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ የሚቀበሉት 3 ወይም 4 ዓመት ሲሞላው ነው። በመካከሉ ቢያንስ 33፣ ሲበዛ 45 ወራት የሚሆን ክፍተት ይፈጠራል። ሻጭና ገዢ የሚገናኙት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በራሷ ንግድ የምትተዳደረው እናት ደመወዝ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ ስለሌላት ክፍተቱ ለእሷ ከዚህም ቀደም ብሎ ይጀምራል።

ቀደም ባለው ጊዜ ክፍተቱን ይሞሉት የነበሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። እነሱም አያት፣ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅና የቤት ሠራተኛ ናቸው። ዛሬ ሦስቱም እንደ ድሮው አይገኙም። አያት በነባሩ ሰፈር ስትኖር ልጆቿ ጀሞ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። የዘመድ ልጅ ትምህርቷን መቀጠል ትፈልጋለች። ለቤት ሠራተኝነት ትመጣ የነበረችው ወጣት ደግሞ ሌላ አማራጭ አግኝታለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ የዓረብ አገር ጉዞም አለ። በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ በሚደረገው ጉዞ ላይ ተጥሎ የነበረው እገዳ በ2010 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ የአዲስ አበባ እናት በሞግዚት ገበያ ላይ የምትወዳደረው ከጎረቤቷ ጋር ብቻ አይደለም። ከቤይሩትና ከሪያድ ቀጣሪም ጋር ነው።

በመንግሥት በኩል በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በዚህ መሠረት ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛዋና ነጋዴዋ ግን የዚህ ዕድል ተጠቃሚዎች አይደሉም። ለቤት ውስጥ ማቆያ ዋነኞቹ ደንበኞችም እነሱ ናቸው።

ተፎካካሪው ማነው?

ሥራውን ለመጀመር ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ራሱን ከሌላ ማቆያ ጋር ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ወላጆች ዋጋ ሲሰሙ በልባቸው የሚያመዛዝኑት ከቤት ሠራተኛ ጋር ነውና። ሠራተኛዋ ልጁን ብቻ አትይዝም፤ ምግብ ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ትጠብቃለች። ማቆያው ይህን አይሰጥም።

ይሁን እንጂ የሠራተኛዋ ዋጋ ደመወዟ ብቻ አይደለም። ምግቧ፣ መኝታዋ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ እሷ በሄደች ቁጥር እናቲቱ ከሥራ የምትቀርባቸው ቀናትና አዲሷ እስክትለምድ ያለው ጭንቀት በአንድነት ተደምረው መታየት አለባቸው። ማቆያው የሚሸጠው ዋና ነገር ይህ አለመኖሩን ነው። ሰኞ ጠዋት በሩ ይከፈታል፤ ማክሰኞም እንዲሁ። አንዲት ሞግዚት ብትታመም ሌላ አለች። ስለዚህ የማቆያው ሸቀጥ ፍቅርና እንክብካቤ ብቻ ሳይሆን አስተማማኝነትም ነው። አንድ ቀን ያለማስጠንቀቂያ የተዘጋ ማቆያ የሚሸጠውን ሸቀጥ በገዛ እጁ አበላሸ ማለት ነው።

ገደቡ እጅ ነው

ለአንድ ሞግዚት ስንት ልጅ? ለሥራው ሁሉ መነሻ የሚሆነው ይህ ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ ልምድ ያላቸው አገሮች ምን እንዳደረጉ መመልከት ይጠቅማል።

በእንግሊዝ አገር በቤቷ ልጅ የምትይዝ አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሠራ ከ8 ዓመት በታች የሆኑ ከ6 የማይበልጡ ልጆች መያዝ ትችላለች። ከእነዚህ ውስጥ ለትምህርት ያልደረሱት 3፣ ከአንድ ዓመት በታች የሆነው ደግሞ በመደበኛው ደንብ 1 ብቻ ነው። በዚያው አገር በትልልቅ ማቆያዎች ከ2 ዓመት በታች ላሉ 3 ሕፃናት አንድ ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለ2 ዓመት ልጆች የነበረው ደንብ አንድ ለ4 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ለ5 እንዲሆን ተደርጓል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ደግሞ በመኖሪያ ቤት የሚሠራ መደበኛ ማቆያ በአንድ ጊዜ ከ8 ልጆች በላይ አይዝም። ከነዚህም ከ2 ዓመት በታች የሆኑት፣ የባለቤቲቱ የራሷ ሕፃን ጭምር ተቆጥሮ፣ ተጨማሪ ሠራተኛና ልዩ ፈቃድ ከሌለ ከ2 አይበልጡም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከአገር አገር ያለው ልዩነት ሳይሆን መመሳሰሉ ነው። በእነዚህ ደንቦች አንዲት ሴት ብዙ ጨቅላዎችን ብቻዋን እንድትይዝ አይፈቀድም። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። እሳት ቢነሣ አንድ ሰው በሁለት እጁ ስንት ሕፃን ይዞ መውጣት ይችላል? አንዱን ስታጠባ ሌላው ቢታነቅ ማን ያየዋል? የባለቤቲቱ የራሷ ልጅም ከቁጥሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ እሱም እጅ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ገደብ ሰዓት ነው። ወላጆች በትራንስፖርት ምክንያት ልጅ የሚያመጡት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የሚወስዱት ደግሞ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ይህ በቀን 11 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት አምስት ቀን 55 ሰዓት፣ የቅዳሜ ግማሽ ቀን 5 ሰዓት ሲታከልበት 60 ሰዓት። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚፈቅደው መደበኛ ሥራ ግን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንዲት ሞግዚት የማቆያውን ሙሉ ሰዓት ልትሸፍን አትችልም።

አንዳንዶች "ሠራተኛዋ የቤት ሠራተኛ ነች፤ ሕጉ አይመለከታትም" ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። አዋጁ የማይመለከተው ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ነው። በክፍያ የመጡ ልጆችን የምትይዝ ሴት የምትሠራው ለትርፍ በሚንቀሳቀስ ድርጅት ውስጥ በመሆኑ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ሰዓትና የስንብት ድንጋጌዎች ሁሉ ይመለከቷታል። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደንብ መሠረትም አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛዋ 7 በመቶ ያዋጣሉ።

ስሌቱ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው። አንባቢ በየሰፈሩ ያለውን ዋጋ ተክቶ ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

አንዲት ሴት በቤቷ 8 ልጆች ትይዛለች እንበል። 3ቱ ከአንድ ዓመት በታች፣ 5ቱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ለሦስቱ አንድ፣ ለአምስቱ አንድ፣ በድምሩ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ከልጆቹ ጋር መገኘት አለበት። በሳምንት 60 ሰዓት በሁለት ሲባዛ 120 የሰው ሰዓት ይሆናል። ሁለት ተቀጣሪዎች ቢበዛ 96 ሰዓት ይሸፍናሉ። የቀረውን 24 ሰዓት ባለቤቲቱ ራሷ ትይዛለች። ማብሰሉ፣ ገበያው፣ ጽዳቱና ሂሳቡ ከዚህ ውጭ ነው።

በወር የሚገባው፦
ከ8 ልጆች፣ በነፍስ ወከፍ 6,000 ብር፣ 48,000 ብር

በወር የሚወጣው፦
የሁለት ሞግዚቶች ደመወዝ በነፍስ ወከፍ 8,000 ብር፣ ከአሠሪው ጡረታ መዋጮ ጋር 17,760 ብር
የአምስቱ ልጆች ምግብ በነፍስ ወከፍ 1,200 ብር፣ 6,000 ብር
መብራት፣ ውሃ፣ ሳሙናና በረኪና 3,500 ብር
ለሚሰበርና ለሚያልቅ ዕቃ መተኪያ 1,500 ብር
የቤቱ ኪራይ ግምት 10,000 ብር
ድምር 38,760 ብር

ቀሪው ከግብር በፊት 9,240 ብር ነው። የባለቤቲቱ የራሷ ደመወዝም ያለው በዚህ ውስጥ ነው። "ቤቱ የራሴ ነው፤ ኪራይ ለምን ይቆጠራል?" የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ክፍሉ ለሌላ ቢከራይ ያስገኝ የነበረው ገንዘብ በዚህ ሥራ ምክንያት የቀረ ገቢ ነው። ሳይቆጠር ቢቀር ቤቱ ሥራውን በድብቅ እየደጎመው ነው ማለት ነው።

አሁን ከአምስቱ ልጆች አንዱ ለቀቀ እንበል። 6,000 ብር ይቀራል፣ የምግቡ 1,200 ይተርፋል፤ የተጣራው ጉዳት 4,800 ብር ነው። ቀሪው ወደ 4,440 ብር ይወርዳል። ሁለተኛው ሲለቅ ሂሳቡ በ360 ብር ኪሣራ ይዘጋል። እንግዲህ ከ8 ቦታ 2ቱ ባዶ ከሆኑ ባለቤቲቱ ወሩን ሙሉ የሠራችው በነፃ ነው። ሞግዚቶቹ ልጅ ስለቀነሰ ደመወዛቸው አይቀንስም።

ፈተናው የሚመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ቦታው ሞልቶ ሳለ ሁለት ወላጆች መጥተው ይለምናሉ። ሠራተኛ ሳይጨመር ሁለት ልጅ ቢገባ 9,600 ብር ይጨመራል፤ ቀሪው በአንድ ጊዜ 18,840 ብር፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት በክፋት አይደለም። "ለሁለት ልጅ ምን አለ?" በሚል ነው። ነገር ግን ያ 9,600 ብር የተገኘው ከንግድ አይደለም፤ ከአሥሩ ሕፃናት ደኅንነት ተቀንሶ ነው።

መውጫው ዋጋው ላይ ነው። በ8 ልጆች ላይ የወር ክፍያው በ1,000 ብር ቢጨምር 8,000 ብር ይገኛል፤ ቀሪው 17,240 ብር ይሆናል። ሁለት ልጅ በመጨመር ሊገኝ ከሚችለው ጋር የሚለያየው በ1,600 ብር ብቻ ነው። ሰባት ሺህ ከፍሎ ልጁ በቂ እጅ ያገኘለት ወላጅ፣ ስድስት ሺህ ከፍሎ ልጁ በብዛት መካከል ከጠፋበት ወላጅ ይልቅ ደንበኛ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ በቅድሚያ መወሰን ያለበት የልጆቹ ቁጥር ነው፤ ዋጋው ከቁጥሩ ይሰላል። ዋጋውን ከጎረቤት ማቆያ ቀድቶ ቁጥሩን እንዲያካክስ መተው የኋሊት መሥራት ነው።

ቤቱ

የቦታ ምርጫ ሁለት አማራጭ አለው፤ ከወላጆች መኖሪያ አጠገብ ወይም ከሥራ ቦታቸው አጠገብ። የመኖሪያ ሰፈር ማቆያ ሕፃኑን ከታክሲ ግፊያ ያድነዋል፤ ነገር ግን ወላጆቹ ከመንገድ እስኪደርሱ ሰዓቱ ይረዝማል። ከሥራ ቦታ አጠገብ ያለው በምሳ ሰዓት ጡት ለማጥባት ይመቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃናት እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ እንዲጠቡ ሲመክር እናቲቱ ሥራ የምትገባው በ3 ወሩ በመሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቢሮዎች አካባቢ ቤት ያለው ሰው ለሚያጠቡ እናቶች አንድ ጥግና አንድ ወንበር ቢያዘጋጅ ብዙዎች የማይሰጡትን አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው።

ሰፈሩ የመቆየቱ ጉዳይም ሊታሰብበት ይገባል። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፒያሳና በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ነዋሪዎች ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውረዋል። የቤት ውስጥ ማቆያ ደንበኞቹ በእግር ርቀት ያሉ ስለሆኑ ሰፈሩ ሲነሣ ቤቱ ባይነካ እንኳ ሥራው ይነካል።

ተከራይቶ ለመጀመር ያሰበ ሰው የአከራዩን የጽሑፍ ስምምነት መያዝ ይኖርበታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህ ጥበቃ የተሰጠው ግን ለመኖሪያ ነው። ለመኖሪያ የተከራዩትን ቤት ሳያሳውቁ ለንግድ ማዋል ከጥበቃው ሊያስወጣ ይችላል። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበርና ከታች ያለው ጎረቤት አሉ፤ የስምንት ልጅ ሩጫ ለእነሱ የጣሪያ ላይ ከበሮ ነው። ከምድር ቤት በላይ ከሆነ የደረጃውና የበረንዳው ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል።

በቤቱ ውስጥ ገንዘብ ከሚወጣበት አሻንጉሊት ይልቅ መቅደም ያለበት አደጋን መከላከል ነው። በእኛ ቤት ትልቁ ሥጋት እሳትና የፈላ ነገር ነው። የከሰል ምድጃ፣ ጀበና፣ የእንጀራ ምጣድና የሽሮ ድስት ልጆች ከሚውሉበት ክፍል በር ወይም በሚዘጋ አጥር መለየት አለባቸው። በሥራ ሰዓት ከሰል አይቀጣጠልም፤ ቡና ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ይፈላል። በረኪናና መድኃኒት ከፍ ብሎ ይቆለፋል። ባልዲና በርሜል ውሃ ይከደናል፤ በጥቂት ውሃ ውስጥ ሕፃን ሊሰምጥ ይችላልና። ሶኬት ይሸፈናል፣ ደረጃ ላይ መከላከያ በር ይደረጋል፣ የእሳት ማጥፊያ ይገዛል፣ አጠቃቀሙም ይለመዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ሳይተከል ሥራውን መጀመር አይቻልም። ጨቅላ ሲተኛ በጀርባው፣ ያለ ትራስ፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ መሆን አለበት፤ ሞግዚቶቹም ይህን ከቅጥሩ ቀን ጀምሮ ማወቅ ይኖርባቸዋል።

ፈቃድና ኃላፊነት

ሥራው በመኖሪያ ቤት መሆኑ ከንግድ ሕግ ነፃ አያደርገውም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቅባቸው ሥራዎች ፈቃድ ከመውሰዳቸው በፊት ማረጋገጫውን እንዲያቀርቡ ያዛል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትና ክፍል ከማደስ በፊት ወደ ወረዳውና ክፍለ ከተማው ጎራ ብሎ ለሕፃናት ማቆያ የሚጠየቀውን የክፍል ስፋት፣ የመጸዳጃ ቁጥርና የሠራተኛ ማስረጃ በጽሑፍ መውሰድ ተገቢ ነው። ግድግዳ ከፈረሰ በኋላ መስፈርት መጠየቅ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

በግብር በኩል የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የቀድሞውን የሀ፣ የለ እና የሐ ደረጃ በልብ ይዞ ማስላት ያሳስታል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በቅድመ መደበኛ ተቋማት የሚሰጥን የሕፃናት ጥበቃ ከታክሱ ነፃ አድርጎት ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ስለተተካ ዋጋ ከመተመኑ በፊት የግብር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ይጠቅማል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የኃላፊነት ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ከቤተሰቡ ውጭ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት የተረከበው ሰው ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንዱ ልጅ የሌላውን ዓይን በእርሳስ ቢወጋ ተጠያቂነቱ ከባለቤቲቱ በር ላይ ይደርሳል። በመሆኑም ከመድን ድርጅቶች ጋር ስለ ሦስተኛ ወገን ኃላፊነት መድን መነጋገርና ዓረቦኑን ከወር ወጪ ውስጥ ማስገባት ብልህነት ነው።

ውልና ክፍያ

በሰፈር ደረጃ የሚሠራ ሥራ በመሆኑ ብዙዎች በቃል ይጀምራሉ፤ ጎረቤትን ውል ፈርሚ ማለት ያሳፍራል። ነገር ግን ጠብ የሚነሣው ውል ባለመኖሩ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የሚከተሉት ግን ሊጎድሉ አይገባም።

የመጀመሪያው ክፍያ በወሩ መጀመሪያ በቅድሚያ መሆኑ ነው። ክፍያው የሚታሰበው ለቦታው እንጂ ልጁ ለተገኘባቸው ቀናት እንዳልሆነ በግልጽ መጻፍ አለበት። በበዓላት ቀናት ማቆያው ቢዘጋም የሞግዚቶች ደመወዝ አይቀርምና። ጳጉሜን እንዴት እንደሚታሰብም አስቀድሞ ይወሰን።

ሁለተኛው የክረምት ነገር ነው። መምህራን የሆኑ ወላጆችና ልጃቸውን ወደ ዘመድ የሚልኩ ሐምሌና ነሐሴን ሊያስወጡ ይችላሉ። ከላይ ባለው ስሌት 3 ልጆች ለ2 ወር ቢቀሩ 28,800 ብር ይጎድላል። ይህ ከሦስት ወር ቀሪ ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ወይ ግማሽ ክፍያ ቦታ ማስያዣ ይጠየቃል፣ ወይ ከመስከረም ጀምሮ ለክረምት እየተቆጠበ ይቆያል። የወላጆችን ቅድሚያ ክፍያ ለዕቁብ መጣል ግን አይገባም፤ ያ ገንዘብ ገና ያልተሠራበት ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ዳይፐርና የዱቄት ወተት በወላጅ የሚመጡ መሆናቸው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ በወር ክፍያው ውስጥ አካትቶ ውል የገባ ሰው እንዲህ ያለውን ልዩነት ከኪሱ ይሸፍናል።

አራተኛው ሕመም ነው። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ያለበት ልጅ እንደማይመጣ ይጻፍ። የክትባት ካርድም ኮፒው ይያዝ። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የኩፍኝ የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ስለሆነ ከዚያ በታች ያሉት ጨቅላዎች መከላከያ የላቸውም። አንዱ የታመመ ልጅ የሚያስከፍለው እነሱን ነው።

አምስተኛው ልጁን የሚወስዱት ሰዎች ስም ዝርዝር ነው። "አጎቱ ነኝ" ብሎ ለመጣ ሁሉ ልጅ አይሰጥም፤ ስሙ ከሌለ ለእናት ይደወላል። ዘግይቶ ለሚመጣ ወላጅም በግማሽ ሰዓት የሚታሰብ ክፍያ ይቀመጥ። ካልተቀመጠ 12 ሰዓት የተባለው 1 ሰዓት፣ ከዚያም 2 ሰዓት ይሆናል።

የምግብ ጉዳይም መነጋገር ይፈልጋል። የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች አብረው በሚውሉበት ቤት ሥጋን ጨርሶ መተው፣ በአትክልት፣ በእንቁላል፣ በድንችና በጥራጥሬ መወሰን ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ ወጪም ይቀንሳል።

አጀማመሩ

ስምንቱንም ልጅ በአንድ ሰኞ መቀበል አይመከርም። አዲስ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላውን ያስነሣል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ልጅ እየተቀበሉ፣ እናቲቱ በመጀመሪያው ቀን አብራ እንድትቆይ እየተደረገ ቢሄድ ልጆቹም ሞግዚቶቹም ይላመዳሉ። ይህ ማለት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ገቢ ከወጪ በታች ይሆናል ማለት ነው። በመሆኑም በካፒታሉ ውስጥ ከአልጋ፣ ከፍራሽና ከፖፖ ሌላ ቢያንስ የሦስት ወር የሞግዚቶች ደመወዝ መኖር አለበት። ለሞግዚቶቹም አዋጁ የፈቀደው 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ መታየት ያለበት ሙያቸው ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሁለት ሰዓት ሲያለቅስ የሚያሳዩት ትዕግሥት ነው።

ቤት ያለው ባለሀብት በዚህ ሥራ ላይ ገንዘቡን አውሎ ከሩቅ ሊያስተዳድረው ቢያስብ ስሌቱ አይደግፈውም። ከላይ እንደታየው ባለቤቲቱ በሳምንት 24 ሰዓት በራሷ እጅ ካልያዘች ሦስተኛ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ የእሷም ደመወዝና ጡረታ 8,880 ብር ቀሪውን 9,240 ብር ከሞላ ጎደል ይጨርሰዋል። ይህ ሥራ የሚያዋጣው እጁን ለሚያስገባበት ሰው ነው። ለዚያ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተጽፎ በር ላይ መለጠፍ ያለበት ከዋጋው ዝርዝር ይልቅ የልጆቹ ከፍተኛ ቁጥር ነው። የሚለምን ወላጅ መምጣቱ አይቀርም፤ ለእሱ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ከሌለ በዚያች ሰዓት አንደበት ላይ አይገኝም።